ጎረቤቶቹ ይመግቡታል

«የማን ንፍሮ ነው?» አለ ደሴ።

ሳህኑን ያቀረበችለት ልጁ ዮዲት ያልሰማች መስላ ነጠላዋን አስተካከለች። ከጎኑ የተቀመጡት የንስሐ አባቱ አባ ገብረ ማርያም ግን እፍኝ ዘግነው ማኘክ ጀምረዋል። ስንዴና ባቄላ ነው፤ ጨዉ በልክ፣ ብስለቱም በልክ።

«ጠየቅሁሽ እኮ። የማን ነው?»

«የእድሩ ነው፣ አባዬ።»

ዋሸች። መዋሸቷንም አባቷ አወቀ። በዘንገና ሐይቅ ዙሪያ ባቄላውን ሳታፈርስ እንዲህ አለስልሳ የምትቀቅል ሴት አንዲት ብቻ ናት፤ እሷም ስሜነሽ፣ የአጥር ጎረቤታቸው። ደሴ ሳህኑን በእጁ ጀርባ ወደ አባ ገብረ ማርያም ገፋና ጋቢውን ሳብ አድርጎ አፉን ሸፈነ። ርቦታል። ሚስቱ ያለምወርቅ ከትናንት በስቲያ ዳንግላ ላይ ካረፈች ወዲህ እህል የሚባል ነገር በጉሮሮው አልወረደም። ትናንት አገሯ መጥታ ተቀበረች፤ ዛሬ የለቅሶው ሁለተኛ ቀን ነው።

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው አይቶ እንዳላየ ሆነ። እንዳላየ መሆን እኛ ዘንድ ከልጅነት የምንማረው ሙያ ነው፤ ዓይን መሬት መሬቱን ያያል፣ ጆሮ ግን ሥራ አይፈታም። ከኋላ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ማንሾካሾክ ጀመሩ።

«አሁንም አልታረቁም እንዴ?»

«ምኑን ይታረቃል! ሚስቴን አብልታ የገደለችብኝ እሷ ናት ይላል።»

«ስሜነሽ? ሂድ ወዲያ።»

«ሐኪም ነው የነገረኝ ይላል እኮ።»

«ሐኪም?»

«ሐኪም።»

ሐኪም ካለማ ምን ይባላል።

ነገሩ እውነት ከሆነ ደሴ ሚስቱን ከክፉ ጎረቤት አፍ ነጥቆ አሥር ወር ያኖረ ባል ነው። እውነት ካልሆነ ግን ልትሞት አሥር ወር የቀራትን ሴት ከቤቷ፣ ከደጇና ከወዳጇ ነቅሎ የወሰደ ሰው ነው። ደሴ እነዚህን ሁለት ሰዎች ለይቶ ያውቃቸዋል። የመጀመሪያውን መሆን ይፈልጋል፤ ሁለተኛውን ደግሞ አላስጠጋም ብሎ አፉን በጋቢው ሸፍኖ ተቀምጧል።

የሁለቱን ሴቶች ኑሮ ለሚያውቅ ሰው ጠቡ ይብስ ይገርማል። በሁለቱ ቤቶች መካከል የቀርከሃ አጥር አለ፤ አጥሩ ላይ ሰው ጎኑን አዙሮ የሚሾልክበት ሽንቁር ነበረ። ጠዋት ጠዋት ያለምወርቅ የተሰበረ የእንስራ ገል ይዛ በሽንቁሩ ትገባና «አለሽ?» ትላለች። እሳት አለሽ ወይ ማለቷ ነው፤ በሕይወት አለሽ ወይ ማለቷም ነው። ስሜነሽ እንደ ቀኑ ሁኔታ ትመልሳለች። ደስ ያላት ቀን «አለሁም፣ አለኝም» ትላለች። ከባሏ ከአበረ ጋር የተኮራረፈች ቀን ደግሞ «አለኝ እንጂ መች አለሁ» ትላለች። አበረ ከሰል አክሳይ ነው፤ እሱ ቤት እሳት ጠፍቶ አያውቅም።

«ክብሪቱ መደርደሪያው ላይ አይደል?» ይላታል ደሴ።

«ክብሪት እንዴት አደርሽ አይልም» ትለዋለች።

ያለምወርቅ እንዲህ ነበረች። ወሬ አታበዛም፣ የተናገረችው ግን ከሰው ጆሮ አይወጣም። መሬታቸው ኮምጥጦ ማዳበሪያ አልይዝ ያለ ጊዜ አገር ሁሉ ዘሩን ረገመ፣ ማዳበሪያውን ረገመ። እሷ ከማሳው ጭብጥ አፈር አንስታ በምላሷ ጫፍ ነካ አደረገችና ተፋችው። «ዘሩ ምን አደረገ? ይህ መሬት የሰጡትን ይበላል እንጂ ለዘሩ አያደርስም» አለች። ከዚያ ኖራ በጋሪ አስመጥታ በተነች፣ ዳር ዳሩን ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተከለች። ጎረቤቱ ሳቀባት። ዛፉ ተቆርጦ ከሰል ሲሆንና በቦታው የተዘራው ጤፍ ጉልበት ድረስ ሲቆም ግን ሳቁ ቀረ። አበረንም ከሰል አክሳይ ያደረገችው ያቺው መሬት ናት።

ሕመሙ የጀመራት በ2007 ነው። ሁለት ጉርሻ ጎርሳ ጠገብኩ ማለት አመጣች። ሆዷ ተነፋ። ስሜነሽ «በስተርጅና ልትወልጂ ነው መሰል፤ የአራስ ገንፎሽን ላሰናዳ» እያለች አሳቀቻት። ጤና ጣቢያ ጨጓራ ነው ተብሎ መድኃኒት ተሰጣት፤ ስድስት ወር ዋጠች። ሆዱ እንደሆነ እየጨመረ ሄደ። በመጨረሻ አዲስ አበባ ወሰዷት። ከማህፀን ጎንና ጎን ካሉት ከአንደኛዋ እንቁልጢ የተነሳ ካንሰር መሆኑ የታወቀው እዚያ ነው።

ሐኪሙ ዶክተር እንየው የዳንግላ ልጅ ሆኖ ተገኘ። ያለምወርቅን በአውኚ ቋንቋ ሲያናግራት ፊቷ በራ። ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ ስድስት ዙር መድኃኒት በደም ሥሯ ገባ። ጸጉሯ እንደ ደረቀ ሣር እፍኝ እፍኝ ወለቀ። በየዙሩ መካከል ቤቷ ስትመለስ ስሜነሽ በሽንቁሩ አጥሚት ይዛ እየገባች፣ አንድ ኩባያ ጨርሳ ካልጠጣች አልወጣም እያለች ትቀመጥባት ነበር። ዳነች። አንድ ዓመት ሙሉ ማሳ ወረደች፣ ጠበል ጸዲቅ አዘጋጀች። በ2009 የካቲት ላይ ሆዷ እንደገና ተነፋ። ሁለተኛው መድኃኒት ተጀመረ፤ ሦስት ዙር ቢገባ ምንም የመጣ ለውጥ የለም።

ያን ቀን በሐኪሙ ክፍል በራፍ ላይ ሃያ ሰው ቆሟል። ዶክተሩ ዓይኑ ደም መስሏል።

«መድኃኒቱ ለምን እምቢ አለ?» ብሎ ጠየቀ ደሴ።

«አባባ፣ ዕጢው ብቻውን አይደለም። አካባቢው ነው ያበረታው። ጎረቤቶቹ ይመግቡታል፤ ከመድኃኒቱም ይደብቁታል።»

ዶክተሩ ከዚያ በኋላም በእጁ ሆዱን እያሳየ ብዙ ተናገረ፤ ያለምወርቅም ራሷን እየነቀነቀች ሰማችው። ደሴ ግን እዚያ አልነበረም። ጎረቤቶቹ ይመግቡታል የሚለውን ቃል ሲሰማ ልቡ በአንድ ጊዜ ዘንገና ደርሶ፣ በሽንቁሩ አጥሚት ይዛ የምትገባ ሴት አይቷል።

እንደተመለሱ በሦስተኛው ቀን ስሜነሽ ፔርሙዟን ታቅፋ ገባች። ደሴ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃት።

«ማንን ነው የምትመግቢው?»

«ማንን እመግባለሁ፤ ያለምን ነዋ።»

«እሷን አይደለም። ሆዷ ውስጥ ያለውን ነው። ሐኪሙ ነግሮኛል፤ አካባቢው ነው ብሎኛል።»

ፔርሙዙን ከእጇ ወስዶ ክዳኑን ከፈተና አጥሚቱን ሜዳ ላይ ደፋው። ውሻው መጥቶ ላሰው። ስሜነሽ በደሴ ትከሻ ላይ አሻግራ አልጋው ላይ የተቀመጠችውን ያለምወርቅን አየቻት። ሁለቱ ሴቶች ለጥቂት ጊዜ ተያዩ። ከዚያ ስሜነሽ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ባዶ ፔርሙዟን አንስታ ወጣች። ያላደረገ ሰው እንዴት ዝም ይላል፤ ይምላል፣ ይገዘታል እንጂ፤ ደሴ ለራሱ እንዲህ አለ። ዝምታዋን ጥፋቷን እንዳመነች ቆጠረው። በዚያው ሳምንት ቀርከሃ ቆርጦ ሽንቁሩን ደፈነ፣ ሚስቱንም አካባቢ ልቀይርላት ብሎ ዳንግላ አስተማሪ ከሆነችው ከዮዲት ቤት አስቀመጣት። እሱ ከብትና እርሻ ስላለው ቅዳሜና እሑድ ሄዶ ያያታል።

አሥር ወር እንዲህ አለፈ።

በሠልስቱ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ከቆሰበር ከተማ የመጣ ባጃጅ ድንኳኑ አጠገብ ቆመ። ጥቁር ሹራብ የለበሰ ቀጭን ሰው ወረደ። ለጥምቀት እናቱን ሊጠይቅ ዳንግላ የመጣው ዶክተር እንየው ነበር፤ ማረፏን የሰማው ከዮዲት ነው። አዲስ አበባ ያለ ሐኪም የገበሬ ለቅሶ ሊደርስ መምጣቱ ድንኳኑን አነቃነቀው። ደሴ ተነስቶ ሊቀበለው ሄደ።

«እግዜር ያጥናዎ፣ አባባ።»

«እግዜር ይስጥልኝ። እግዜር ይስጥልኝ፣ ዶክተር።»

ከአባ ገብረ ማርያም ጎን አስቀመጡት። ነፍስ ይማር ተባለ። የደሴ ዓይን ግን ከለቅሶው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ብርሃን አገኘ። ምስክሩ በእግሩ መጥቶለታል። አካባቢውን ቃኘ፤ ሁሉም አለ። ስሜነሽ እንኳ ለእንግዳው እጅ ማስታጠቢያ ውሃ ይዛ ድንኳኑ አፍ ላይ ቆማለች።

«ዶክተር፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «መድኃኒቱ እምቢ ያለ ቀን የነገሩኝን እዚህ ሰው ፊት ይድገሙልኝ። አገሩ አላምን ብሎኛል።»

«ምን ነበር ያልኩዎት?»

«አካባቢው ነው ያበረታው፣ ጎረቤቶቹ ይመግቡታል አላሉኝም?»

«ብያለሁ።»

ድንኳኑ ውስጥ ጉምጉምታ ተሰማ። ስሜነሽ ካለችበት አልተንቀሳቀሰችም። ደሴ ወደ ሰዉ ዞሮ ራሱን ነቀነቀ።

ዶክተር እንየው የሚጠይቀው ሰው ሲያገኝ የሚደሰት ዓይነት ሰው ነው፤ ቀጠለ። «በግ ሲያርዱ አንጀቱ ላይ የተዘረጋውን ሞራ ያውቁት የለም? ሰውም እንደዚያው አለው። የእንቁልጢ ዕጢ ከቦታው ሲበተን ማረፍ የሚወደው እዚያ ላይ ነው፤ ስቡን እየበላ ያድጋል።»

«ጎረቤቶቹን ይንገሩልኝ» አለ ደሴ።

«እየነገርኩዎ እኮ ነው። ጎረቤቶቹ እነሱ ናቸው። ሞራው፣ ሆዷ ውስጥ የተጠራቀመው ውሃ፣ ደም ሥሩ፣ ከበሽታ የሚጠብቁን የሰውነታችን ዘበኞች ሳይቀሩ። ክፉዎች አይደሉም፤ ዕጢው ያታልላቸዋል። ቁስል የሚያድኑ እየመሰላቸው ይመግቡታል፣ ዙሪያውን ያጥሩለታል። መድኃኒቱ ሲመጣ አጥሩን አያልፍም። ያለፈውም ቢሆን አካባቢው ኮምጣጣ ስለሆነ ኃይሉን ያጣል። ለዚህ ነው ዕጢውን ብቻ መምታት የማይበቃው።»

ደሴ ወደ ድንኳኑ አፍ፣ ወደ ስሜነሽ አየ።

«የሰው ጎረቤት... የሰው ጎረቤት አይደለም?»

«የሰው ጎረቤት?» ዶክተሩ አልገባውም። ወደ አባ ገብረ ማርያም ዞረ፤ አባ ገብረ ማርያም መሬት መሬቱን ያያሉ። «እንዴ፣ አባባ፣ ስለ ሆዷ ነው የማወራው። ያን ቀን እሷ ወዲያው ነበር የገባት። ‹መሬቱ ኮምጥጦ ነዋ፤ የሰጡትን ይበላል እንጂ አያደርስም› አለችኝ። እኔ ሰባት ዓመት ተምሬ እንደዚያ አሳጥሬ መናገር አልችልም። እስከ ዛሬ ለበሽተኛ ሳስረዳ የእሷን ቃል ነው የምዋሰው።»

ትናንት ከኋላ ሲያንሾካሹኩ የነበሩት ሁለቱ ሰዎች ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

«አጥሚትስ?» አለ ደሴ በመጨረሻ። «ሰው የሚያመጣላት አጥሚት... ለዕጢው ምግብ አይሆንም?»

«አጥሚት? አጥሚቱ እኮ ነው ያቆማት። ያን ሁሉ ዙር በባዶ ሆድ ማን ይችለዋል? ማን እንደሚያጠጣት አላውቅም፤ ያጠጣትን ሰው እግዜር ይስጥልን።»

ስሜነሽ ማስታጠቢያውን ይዛ ገባች። ለዶክተሩ እጅ አስታጠበች፤ ለአባ ገብረ ማርያም አስታጠበች። ደሴ ዘንድ ስትደርስ እሱ እጁን አልዘረጋም። ጠልቷት አይደለም፤ አፍሮ ነው እንጂ። ጥቂት ጠብቃው ወደሚቀጥለው ሰው አለፈች።

ዶክተሩ ከሄደ በኋላ ደሴ ከቤቱ ጀርባ ከኖራው ጆንያዎች ላይ ተቀምጦ ዮዲት አገኘችው። ከእናቷ የወሰደችው ቁመቷን ብቻ አይደለም፤ ዝምታውንም ነው። ከጎኑ ተቀመጠች።

«እናትሽ ገብቷት ነበር?» አለ ዮዲትን ሳያያት።

«ገብቷት ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዳንግላ ሄደች? ለምን አልነገረችኝም? ያን ሁሉ ወር እኔ...»

«ከሠልስት በኋላ እንድነግርህ አደራ ብላኝ ነበር። ሐኪሙ ቀደመኝ።» ዮዲት ከነጠላዋ ጫፍ ክር መዘዘች። «ሆዷ እንደገና ከተነፋ ወዲህ የሆንከውን ታስታውሳለህ? ስትሄድም ስትቆምም አታውቅም ነበር። እህል አልቀመስክም። ከብቶቹን ረሳሃቸው። ይህችን የጎረቤት ነገር ካገኘህ በኋላ ግን ተነሳህ። ቀርከሃ ቆረጥክ፣ አጥር ደፈንክ፣ የእሷን አልጋ በጀርባህ ተሸክመህ ሚኒባስ ላይ ጫንክ። እኔ ልንገረው ብያት ነበር። ‹ተይው፣ የሚይዘው ነገር አግኝቷል፤ ከእጁ አታስጥይው። ባዶ እጁን ከቀረ የሚጣላው ከእግዜር ጋር ነው› አለችኝ።»

ደሴ ዓይኑን ጨፈነ።

«ስሜነሽስ?»

«እሷን እምዬ ለመነቻት። አጥሚቱን የደፋህ ቀን፣ አንተ ከብት ልታጠጣ ስትወርድ፣ በሽንቁሩ ተጠራርተው። ‹እኔ እስክሄድ ድረስ ቻይልኝ፤ አንቺን ቢጠላ ይሻለዋል፤ አንቺ ትችይዋለሽ› አለቻት። ስሜነሽ አለቀሰችና እሺ አለች።»

«እሺ አለች?»

«እሺ አለች። አገሩ ሁሉ ሲያማት ዝም ብላ የቻለችው ለዚህ ነው። ለባሏ እንኳ አልነገረችም።»

አንድ ሰው ስሙን ሊያድስ ሦስት ዳኛ ፊት ይቆማል፣ አሥር ሽማግሌ ይልካል። ይህች ሴት ግን ስሟን አውጥታ ለወዳጇ ባል መደገፊያ ሰጠች፣ መልሱልኝም አላለችም። ደሴ ይህን አሰበ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ያላለቀሰውን አሁን አለቀሰ። ዮዲት አላባበለችውም፤ እስኪበቃው ጠበቀችው።

«ነቅዬ ወሰድኳት እኮ» አለ። «ከደጇ ነቅዬ ወሰድኳት። ሰው ናፍቋት ሞተች።»

«አልናፈቃትም።»

«እንዴት አልናፈቃትም?»

«ረቡዕ ረቡዕ ስሜነሽ ትመጣ ነበር። አንተ ማሳ ስትሆን፣ በጠዋቱ ሚኒባስ፣ ፔርሙዟን ይዛ።» ዮዲት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «እምዬ በሩ ሲንኳኳ ከአልጋዋ ላይ ‹አለሽ?› ትላለች። ስሜነሽ ደግሞ ከውጭ ‹አለሁም፣ አለኝም› ትላለች። እኔ መጀመሪያ ምን እንደሚሉ አይገባኝም ነበር። ከዚያ አጥሚቷን ታጠጣታለች፣ የሠፈሩን ወሬ ታወራላታለች፤ የማን ላም ወለደች፣ የማን ጤፍ እንዴት ሆነ። ሆዷ በውሃ በተወጠረ ጊዜም እየሳቁ ነበር። አንድም ረቡዕ አልቀረችም።»

ደሴ ከጆንያው የፈሰሰውን ኖራ በጣቱ ይቧጥጥ ነበር።

«የመጨረሻዋን ነገር ልንገርህ። ‹አባትሽ አካባቢ ለወጥኩባት ብሎ እንዳይጸጸት። አካባቢዬ በሚኒባስ ይመጣልኝ ነበር በይው። ተመስገን ብላለች በይው› አለችኝ።»

«ተመስገን አለች?»

«እሱን ደግማ ደጋግማ ነው ያለችው።»

ደሴ ተነስቶ እጁን በጋቢው ጠረገ። ለእግዜር ምስጋና ሊያቀርብ ፈልጎ ነበር፤ ግን ከእግዜር በፊት የሚመሰገን ሰው እንዳለ ስለገባው አፉን ዘጋ። የምስጋናው ቃል ግን ከየት ይመጣል? ይቅርታ ልበላት ቢል ይቅርታው ያንስበታል። ሽማግሌ ልላክ ቢል፣ ሽማግሌ ጠብ ያስታርቃል እንጂ ውለታ አይመልስም። አባ ገብረ ማርያምን ቢያማክራቸው «ልብህ የሚልህን አድርግ» ብለው ጸሎታቸውን ቀጠሉ። ንስሐ አባት እንዲህ ሲሉ ነገሩ ለእሳቸውም ከብዷቸዋል ማለት ነው።

በአራተኛው ቀን ጠዋት የእድሩ ሰዎች ድንኳኑን አፈረሱ። አግዳሚዎቹ በጋሪ ተጫኑ። ሜዳው ላይ የተረጋገጠ ሣርና የተበተነ የባቄላ ልጣጭ ቀረ። ቤቱ ጸጥ አለ። ሦስት ቀን ሙሉ ምግቡ ከጎረቤት ሲመጣ ስለነበር ምድጃው ቀዝቅዟል፤ አመዱ ላይ ዶሮ ተኝታበታለች። ዮዲት ድንች ልትቀቅል ውሃ ጥዳ ክብሪት ፍለጋ መደርደሪያውን ስትዳብስ ደሴ አያት። ክብሪቱ ኮቱ ኪስ ውስጥ ነው፤ ትናንት ለአባ ገብረ ማርያም ጧፍ አብርቶበት ነበር።

«ተይው፣ ልጄ» አለ።

ከምድጃው ጥግ ላይ ገሉ እንደተቀመጠ ነው። የያለምወርቅ አውራ ጣት የሚያርፍበት ቦታ ከመያዝ ብዛት ለስልሷል። ደሴ አንስቶ አቧራውን እፍ አለበትና ወጣ። በዚህ አገር እሳት የምትጭር ሴት ናት፤ ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ ገል ይዞ አጥር ለአጥር ሲሄድ አይታይም። ከጋሪው ላይ አግዳሚ የሚያስሩት የእድር ሰዎች አዩት። አይተውም እንዳላዩ ሆኑ።

አጥሩ ዘንድ ሲደርስ ቆመ። የደፈነው ሽንቁር ተከፍቷል። ቀርከሃዎቹ ተነቅለው በሥርዓት ወደ ጎን ተደግፈዋል፤ መሬቱም ድስት በተሸከሙ ሴቶች እግር ተደልድሏል። የቀብሩ ቀን ንፍሮው በዋናው መንገድ ዞሮ ሲቀዘቅዝ አይቶ አበረ ከፍቶት ይሆናል። ማንም ፈቃድ አልጠየቀውም። አሥር ወር የጠበቀውን አጥር ሦስት ቀን ሙሉ አገር ሲመላለስበት እሱ ብቻ አላየም። ጎኑን አዞረና ሾለከ።

የስሜነሽ ደጅ ላይ ጭስ አለ። በሩ ገርበብ ብሏል። ደሴ ገሉን በሁለት እጁ ያዘ። ማታ ሲያሰናዳ ያደረው ቃል ነበረው፤ በድያለሁ የሚል፣ ቸርነትሽን እግዜር ይክፈልሽ የሚል፣ ሌላም ብዙ። አንዱም አልመጣለትም። ወደ በሩ ጠጋ ብሎ፣

«አለሽ?» አለ።

ውስጥ ይሰማ የነበረው የዕቃ ድምፅ ቆመ። ደሴ ባዶ ገሉን ይዞ የሚመለስ መስሎት ነበር።

«አለሁ» አለች ስሜነሽ። ቀጥሎም ቀስ ብላ፣ «አለኝም። ይግቡ» አለች።

ጎንበስ ብሎ ገባ። ስሜነሽ ፊቱን አላየችም፤ እሱም የእሷን አላየም። እንጨቱን ገለጥ አድርጋ ከሥር ያለውን ትልቁን ፍም መረጠች፣ በገሉ ላይ አስቀመጠችለት፣ እንዳይጠፋ አመድ ነሰነሰችበት። ደሴ ጋቢውን ከነፋሱ ከልሎ፣ ክብሪቱ ኪሱ ውስጥ እየተንኳኳ፣ ፍሙን ይዞ በሽንቁሩ ወደ ቤቱ ተመለሰ።